ሦስት ሣጥን ማሽን ይዘን ወደ ጎጃም

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 2012፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን ስላለው መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። የነቃሁት ባልደረባዬ ትከሻዬን ስትወዘውዘኝ ነው። «ተነስ በናትህ፣ ሣጥኖቹን እንያዛቸው። ቁልቁለቱ ጀመረ።»

ሣጥኖቹ ሦስት ናቸው። በሁለቱ ውስጥ 3ዲ ፕሪንተር፣ በሦስተኛው ትንሽ የሌዘር መቁረጫ አለ። አዲስ አበባ ላይ ሠዓሊውም፣ ተማሪውም፣ ሥራ ፈላጊውም እየገባ የሚሠራባት አንዲት የጋራ ክፍል አለችን፤ ቀድሞ የመጣ ይሠራል፣ የሚያውቅ ለማያውቅ ያሳያል። «ክፍለ ሀገር ያለነውስ?» የሚለን ሲበዛ ዳብል ጋቢና ተከራይተን፣ የነዳጁን ተዋጥተን ወጣን። ሹፌራችን የደምበጫ ልጅ ነው፤ ዓባይን ገና ሳንሻገር «አገሬ ገባሁ» ማለት ጀምሮ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጡ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላይ ጋቢ ያስለብሳል፣ ታች ሹራብ ያስወልቃል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ተጨማዶ መኪናውን ያንዘፈዝፈዋል። በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ስንሻገር ባልደረባዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ሣጥን ታቅፋ ነበር።

ዳገቱን ጨርሰን ኬላ ላይ ቆምን።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

«ማተሚያ» አለ ሹፌራችን።

«ምን ያትማል?»

«የፈለጉትን» አልኩ እኔ፣ መጫወቴ ነው። የፖሊሱ ፊት ተለወጠ። የብር ማተሚያ መስሎት ኖሯል፤ ሦስቱም ሣጥኖች መሬት ወርደው ተከፈቱ። ያወጣን ባልደረባዬ ከቦርሳዋ ያወጣቻት ፊሽካ ናት። ፖሊሱ ነፋት፤ ጮኸች። አገላብጦ አያት። «ኳሷ በየት ገባች? መገጣጠሚያ የለውም እኮ!» እሷም እንደ ሌማት ስፌት ነው አለችው፤ ማሽኑ የቀለጠ ፕላስቲክ እያንጠባጠበ ዙር በዙር ከታች ወደ ላይ ይሰፋል፣ ኳሷም እዚያው ውስጥ አብራ ትሰፋለች። እናቱ ሰፊ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ወዲያው ገባው። ፊሽካዋን ግን አልመለሰልንም።

ደጀን ቁርስ በላን። ጥብስ በ110 ብር፣ እንጀራው ነጭ ማኛ። አዲስ አበባ ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ለለመደ ሰው ያለ ወጥም ይበላል። ሁለተኛ እንጀራ ስንጠይቅ አስተናጋጇ ሂሳብ አልጨመረችብንም፤ እኛ ሰፈር ቢሆን ጭማሪው ለብቻው ይጻፍ ነበር።

ደብረ ማርቆስ አልጋ በ250 ብር አገኘን። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ማንም አላስታወሰንም። ከታች ባለው አዳራሽ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እስክስታ ሲመታ አደረ።

ሰኞ፣ ጥር 18፦ ደብረ ማርቆስ

ጧት ሣጥኖቹን ስንከፍት ከፕሪንተሮቹ የአንደኛው የፕላስቲክ መያዣ ለሁለት ተሰንጥቋል። የዓባይ መንገድ ሥራ ነው። ሃያ ሰው ገደማ እየጠበቀን ነበር፤ የሥዕል መምህራን፣ ተማሪዎች፣ አንድ አናጢ፣ ሁለት ልብስ ሰፊዎች፣ ከቅኔ ቤት የመጣ አንድ ወጣት። ምን እንላለን ብዬ ስጨነቅ ባልደረባዬ የተሰነጠቀውን አነሳችና «ዛሬ የምንማረው ይህን መሥራት ነው» አለች።

እውነትም ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አናገኝም ነበር። ይህ ዓይነቱ ማሽን የመጣው አድሪያን ቦየር የተባሉ የእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ2005 እ.ኤ.አ. ከጀመሩት ሬፕራፕ ከሚባል ሥራ ነው፤ ሐሳቡ አንዱ ማሽን የሌላውን ክፍል እንዲሠራ ነበር። ንድፉን ለማንም በነጻ ለቀቁት። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሠራሩ ዋና ፓተንት፣ ማለትም የብቻ ባለቤትነት መብቱ፣ ጊዜው አበቃና ዋጋው ወረደ፤ ባይሆን ኖሮ እኛም እነዚህን ሁለቱን አንገዛም ነበር። ጤነኛው ማሽን የታመመውን መያዣ መሥራት ጀመረ።

ጀመረ ማለት አልጨረሰም ማለት ነው። ደብረ ማርቆስ ይበርዳል። መስኮቱ አንድ መስታወት ጎድሎታል፣ ነፋሱ ሲገባ ፕላስቲኩ ከሥሩ እየተነቀለ ይጠቀለላል። ሳህኑን እስቲክ ሙጫ ቀብተን፣ ማሽኑን በካርቶን ከልለን እንደገና አስጀመርን። 86 በመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ። አዳራሹ «ውይ!» አለ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ባልደረባዬ ግን ማሽኑ የቆመበትን ቦታ እንደሚያስታውስ ነግራቸው ቡና ተፈልቶ ተጠጣ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። መገናኛው ላይ ቀጭን ጠባሳ ቀርቶበታል፤ መያዣው ግን እስከ ዛሬ እያገለገለን ነው።

«ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ ነው?» አለ አናጢው። ማሽኑ አዎ። ሰፈርተኛ ገብቶ የሚሠራበት ክፍል የሚለው ሐሳብም መነሻው ኤምአይቲ ነው፤ ኒል ገርሸንፌልድ የሚባሉ ፕሮፌሰር በ1998 እ.ኤ.አ. ማንኛውንም ነገር ስለ መሥራት አንድ ኮርስ ቢከፍቱ ከምሕንድስና ውጭ ያሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ ጎረፉ፣ ከዚያ በ2003 ቦስተን ውስጥ ለሰፈር ሰው ከሚሆኑት ከመጀመሪያዎቹ ፋብ ላቦች አንዱ ተከፈተ። አናጢው ሰምቶ ሲጨርስ «የኔም ቤት እኮ እንደዚያው ነው፤ ልጆች መጥተው መጋዜን ይዋሳሉ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን መሳቄን አልወደድኩትም።

ማክሰኞ፣ ጥር 19፦ ደብረ ማርቆስ

የሌዘር ቀን። መጀመሪያ ሁሉም የሚፈልገው ስሙን መቁረጥ ነው። አንድ ተማሪ «ደብረ ማርቆስ» ብሎ በካርቶን ላይ አስቆረጠ፤ ሲያነሣው የ«ማ» ሁለት ዓይኖችና የ«ቆ» ሆድ መሬት ላይ ቀሩ። የኛ ፊደል ቀዳዳ ይወዳል። የፊደሉን ዓይንና ሆድ ከካርቶኑ ጋር የምታያይዝ ቀጭን ድልድይ መተው እንዳለበት እስኪያዩ ድረስ ማስረዳቱ ከንቱ ነበር፤ ካዩ በኋላ ደግሞ ማስረዳት አላስፈለገም። አንዲት የሥዕል መምህርት ድልድዩን በሐረግ ቅርጽ ሠራችው። ከብራና መጻሕፍት እያየች የገለበጠቻቸው ሐረጎች ያሉበት ደብተር ይዛ ነበር፤ በስልክ አንሥተን ኢንክስኬፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መስመሩን አወጣንላት።

ከልብስ ሰፊዎቹ አንደኛው ቆዳ አመጣ። እውነተኛ ቆዳ ስለነበር ሠራንለት፤ አዳራሹ ለበዓል የበግ ጭንቅላት የሚጠበስበት ግቢ ሸተተ። ሁለተኛው ያመጣውን ሰው ሠራሽ ቆዳ ግን እምቢ አልን። ፒቪሲ ሌዘር ሲነካው ክሎሪን ያለበት ጭስ ይወጣዋል፤ ሳንባም ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝገዋል። አኮረፈ። ምሳ ላይ ሽሮ (35 ብር) ጋብዤ አስታረቅሁት።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ አንጥረኛ ገቡ። መምህርቷ ናት የጠራቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ነጭ የአንገት መስቀል አንሥተው በመዳፋቸው መዘኑ።

«ቀለለች። ሰም ነው?»

«ፕላስቲክ ነው ጋሼ። ግን እንደ ሰም ቀልጦ ይወጣል ይባላል።»

«ይባላል?» አሉኝ። «አንተስ አላየህም?»

አላየሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 20፦ የአንጥረኛው ቤት

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የጉትቻ መንጠቆ የሚያስቀጥል፣ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ከሰል የሚጫጭር ልጅ አይጠፋም። ሥራቸውን ለማያውቅ፦ ከሰም ቅርጹን ይሠራሉ፤ በተቦካ ጭቃ ይጠቀልሉታል፤ ሲደርቅ እሳት ላይ አድርገው ሰሙን በቀዳዳው ያፈሱታል፤ በባዶው ቦታ ማዕድኑን ይሞሉበታል። የቅኔው ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ወርቅም ብርም አላባከንንም፤ በነሐስ ነው የሞከርነው።

ጭቃው እሳት ላይ ጥቂት እንደቆየ «ጧ» አለ። ሰም በ60 ዲግሪ ገደማ እንደ ውኃ ይፈሳል። ፒኤልኤ የሚባለው የኛ ፕላስቲክ በዚያ ሙቀት የሚለሰልስ እንጂ የሚፈስ አይደለም፤ እየሞቀ ሲሄድ ያብጣል፣ ሲያብጥ ጭቃውን ይሰነጥቃል። ቢሆንም ይሁን ብለው ነሐሱን ሲያፈሱት በስንጥቁ ሾልኮ አመዱ ላይ ወረደ።

ከቅኔ ቤት የመጣው ወጣት ከበሩ ሥር ሆኖ «ይኼስ ወርቁ ሳይሆን ሰሙ የማይፈታ ቅኔ ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ጋሼ አልሳቁም። የተሰነጠቀውን ጭቃ ይዘው ብዙ አዩት።

«ይህ ግትር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰም አልብሰው። ሰሙ ቀድሞ ወጥቶ ቦታ ይለቅለታል።»

የኛ መፍትሔ ሌላ ነበር፤ ውስጡን ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ማሳሳት፣ ከ600 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ማቃጠል። እንዲህ ያለ ምድጃ ደብረ ማርቆስ አላየንም። የእሳቸው የከሰል እሳት ከወናፉ ጋር ነሐስ ያቀልጣልና ሙቀቱ አያንስም፤ የጎደለን ያ የሰም ልብስ ነበር። ማታ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ሦስት ስስ መስቀሎች አውጥተን ሰጠናቸውና ተሰናበትን።

ሐሙስ፣ ጥር 21፦ ፍኖተ ሰላም

ጧት ሥልጠና ቀጥረን ነበር። አዳራሹ ተቆልፏል፤ ዘበኛውም የለም። ስልክ የሚያነሣ የለም። ሹፌራችን መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። «ጎጃም ውስጥ በአስተርእዮ ማርያም ሥራ የሚቀጥር ሰው እናንተን አየሁ!»

ቀን መቁጠሪያ በኪሳችን ይዘን መርሳታችን ነው። ከተማው ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ እኛም ተከተልን። ከዚያ ከሠልጣኞቹ የአንዱ እናት ቤት ጠላና ዶሮ ወጥ ቀርቦልን እስከ ማታ አልተነሣንም። እንጀራ በጨረስን ቁጥር «በሞቴ» ይላሉ እትዬ። ስለ 3ዲ ፕሪንተር አንዲት ቃል ያልተነገረበት ብቸኛ ቀናችን ነው፤ ከሁሉም የማልረሳው እሱን ነው።

ዓርብ፣ ጥር 22፦ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ሞልተው መጡ። ፕላስቲኩ ከምን እንደሚሠራ ስናገር ነው ግርግር የተነሣው፤ ፒኤልኤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከበቆሎ ስታርች ነው። «በቆሎ?» አለ ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪ። «እኛ ጋ ሞልቶ ተርፏል!» ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ አወጣው። አንድ ኪሎ ፊላመንት፣ ማለትም ማሽኑ የሚያቀልጠው የፕላስቲክ ክር፣ እኛ የገዛነው 1,500 ብር፤ አንድ ኩንታል በቆሎ እሱ እንዳለው 1,000 ብር አካባቢ። መቶ ኪሎ ከአንድ ኪሎ አነሰ። መካከል ላይ ያለውን ፋብሪካ፣ መርከብና ዶላር ብቆጥርለትም አልተጽናናም።

ከሥልጠናው በኋላ አንድ ማስታወቂያ ሠሪ ሱቁ ወሰደኝ። ግልጽ የፕላስቲክ መስታወት በሌዘራችን እንድቆርጥለት ነው። አልሆነም፤ የኛ ሌዘር ሰማያዊ ብርሃኑ በግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ መስኮት ያልፋል እንጂ አይቆርጠውም። ጥቁር ቀለም ስንቀባው ፊደል ቀረጸበት፣ መቁረጡ ግን ቀረ። እሱ ሲያዝን እኔ ጥግ ላይ ያለውን ስቲከር መቁረጫ አየሁ። ኮምፒዩተር የሚመራው ቢላ ነው፤ ፋብ ላብ የሚባል ቦታ ሁሉ ይህን ማሽን ከዋና ዕቃዎቹ ይቆጥረዋል። ሰውየው በራሱ ተምሮ፣ ሦስት ልጆች አስተምሮ፣ የባጃጅ ስቲከር ሲቆርጥበት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ወደ ፍኖተ ሰላም ዲጂታል አሠራር ይዘን መጣን ስንል ነበር!

ማታ እንጅባራ ደረስን። በማግሥቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። 200 ብር የሚከራየው አልጋ 600 ገብቷል፤ ያም ቢሆን አልቋል። መኪና ውስጥ አደርን። ሌዘሩን በብርድ ልብሳችን ጠቅልለነው ነበር፤ እኛ ያለ ብርድ ልብስ ነን።

ቅዳሜ፣ ጥር 23፦ እንጅባራ

ስለ ፈረሶቹ ብዙ ተጽፏልና ልለፈው። ባልደረባዬ ከጋላቢዎቹ ይልቅ የልጓሙን ጌጥ ስታነሣ ዋለች። ሹፌራችን እግረ መንገዱን ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ገዛ፣ አንዱን በ150 ብር። አዲስ አበባ እጥፍ ነው አለ።

ከእሑድ እስከ ማክሰኞ፣ ጥር 24–26፦ ባሕር ዳር

ባሕር ዳር ሙቀት አለ፤ ማሽኖቹም እኛም ተፍታታን። ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብስ በ130 ብር በላን፤ አዲስ አበባ በዚያ ዋጋ ይመጣ የነበረው ዓሣ ከበረዶ የወጣ ነበር።

ሰኞ የሄድንበት ተቋም ከኛ የሚበልጥ 3ዲ ፕሪንተር አለው። ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን ስናነሣው ኖዝሉ፣ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚወጣበት አፍ፣ ተደፍኗል፤ ከተደፈነ ዓመት አልፎታል። ለምን አልጠገናችሁትም ስንል ማሽኑ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ የወጣው በአንድ መምህር ስም ነው፣ መምህሩ ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ሌላ ሰው ነክቶት ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? በየሄድንበት ማሽን የለም ሲባል ነበር የሰማነው። እዚህ ማሽን አለ፣ የተቆለፈ በር ብቻ።

የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ «እኔ እጠየቃለሁ፣ ንኩት» አሉን። ኖዝሉን አግለን ለመውጋት መርፌ ብንሞክር 0.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ አይገባም። ከሠልጣኞቹ አንዱ ሙዚቀኛ ነበር፤ የጊታሩን ቀጭን ክር ቆርጦ ሰጠን። ገባ። የተቃጠለው ፕላስቲክ ጥቁር ትል መስሎ ወጣ፤ ማሽኑ ከሰዓት በኋላ ሲሠራ ዋለ። ማታ ተመልሶ ጨርቁን ለበሰ።

ረቡዕ፣ ጥር 27፦ ተመልሰን ደብረ ማርቆስ

አንድ ፕሪንተር ደብረ ማርቆስ ትተን ለመሄድ አስቀድመን ወስነን ነበር። የት እንደሚቀመጥ ነው የተከራከርነው። ያሠለጠንንበት አዳራሽ ደብዳቤ ጠየቀን፣ ማኅተም፣ ገቢ የሚሆንበት ሞዴል 19፣ ቁልፉን የሚይዝ ሠራተኛ። ባሕር ዳር ያየነው ጨርቅ ትዝ አለኝ።

ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ሦስቱን መስቀሎች ሰም አልብሰው አፍስሰዋቸዋል። አንዱ ጭቃው ተሰንጥቆ ጠፍቷል። ሁለተኛው አንዱ ክንፉ ላይ ተቦርቡሯል። ሦስተኛውን ከኪሳቸው አወጡት፤ ሞርደው ወልውለውት ያበራል። ማሽኑ የሚተወው የዙር መስመር የለበትም፤ ሰሙ ደፍኖታል።

«ይህን እኔ በእጄ ከሰም በግማሽ ቀን እሠራዋለሁ» አሉ፤ ለማስደሰት የሚናገሩ ሰው አይደሉም። «ግን ዓይኔ ደክሟል። ትንሹን ሐረግ አላየውም። መምህርቷ በኮምፒዩተር በትልቁ ስላ፣ ይህ በትንሹ ያወጣዋል ወይ?»

«ያወጣል ጋሼ። ግን ከ0.4 ሚሊ ሜትር የሚቀጥን መስመር አይሆንለትም።»

«የቀረውን እኔ በመውጊያዬ እጨርሰዋለሁ።»

መምህርቷ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እንደምትመጣ ነገረችን፤ አናጢው ከከሰሉ አቧራ የሚከልል ሣጥን በነጻ እሠራለሁ አለ። ባልደረባዬ እስከ ማታ ቁጭ ብላ አፈታቱን አሳየቻቸው። ጋሼ የጠየቁት ስንት መብራት ይቆጥራል ብቻ ነው። መቶ ዋት ገደማ፤ አራት ሰዓት ቢሠራ አንድ ብር አይሞላም ስላቸው አላመኑኝም፤ የወሩን ቢል አይቼ እነግርሃለሁ አሉኝ።

ለባከነው ነሐስና ለእሳቱ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሲጨንቀን ባልደረባዬ ወደ መኪናው ዞር አለች። አንዱን ማዳበሪያ ከሰል አወረድንላቸው። ሹፌራችን እስከ ደጀን አላናገረንም።